እንቁራሪቷ በክረምት ትጮሃለች፤ ትምህርት ቤቱ በክረምት ይዘጋል

የሰኔ ዝናብ መሬቱን አርሶ ረግረጉና ቦዩ ውኃ መያዝ ሲጀምር፣ በደጋውም ሆነ በወይና ደጋው የገጠሩ ሌሊት በእንቁራሪቶች ድምፅ ይሞላል። አርሶ አደሩ ይህን ድምፅ ሲሰማ ክረምቱ በእርግጥ መግባቱን ያውቃል። የከተማ ነዋሪው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ካለው የውኃ መውረጃ ሲሰማው እንቅልፍ የሚነሳ ጫጫታ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሚጮኹት ወንዶቹ ናቸው፤ ጩኸታቸውም ሴቶቹን ወደ መራቢያው ውኃ የሚጠሩበት ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት እንቁላል ይጣላል፣ ጭራ ያለው እጭ ይፈለፈላል፣ እግር ያበቅላል፣ ጭራውም ቀስ በቀስ ጠፍቶ ትንሿ እንቁራሪት ወደ የብስ ትወጣለች።

በዚሁ ወቅት የትምህርት ቤቶች በር ዝግ ነው። የትምህርት ዘመናችን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ይጠናቀቃል፤ ከመማሪያ ወራቱም አብዛኞቹ ደረቅ ናቸው። በመሆኑም ልጆች ስለ እንቁራሪት የሕይወት ዑደት ሲማሩ አጠገባቸው ያለው ረግረግ ደርቆ፣ እንቁራሪቷም ተሸሽጋ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን ይገለብጣሉ፣ ቀስቶቹን ያሰምራሉ፣ ለፈተና ያጠኑታል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው ምንጭ ግን ከትምህርቱ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ ከብዙ የገጠር ችግሮች መካከል ትንሹ ሊመስል ይችላል። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ገበያና ሰላም በሚያሳስቡበት ጊዜ ስለ እንቁራሪት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁንና ልጆቻችን ስለዚህች እንስሳ የሚማሩበት መንገድ፣ ነገ የምንጠጣውንና የምናጠጣውን ውኃ ማን ይጠብቀዋል ከሚለው ጥያቄ ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው።

በቆዳዋ የምትጠጣ እንስሳ

በመማሪያ መጻሕፍት «እንቁራሪት አስተኔዎች» ተብለው የሚጠሩት እንስሳት እንቁራሪትንና ጉርጥን ያቀፉ ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ እግር የሌላቸውና የምድር ትል የሚመስሉ እንስሳትም የዚሁ ምድብ አባላት ናቸው። በአንዳንድ አካባቢዎች እንቁራሪት ጓጉንቸር በሚለው ስምም ትታወቃለች።

እነዚህን እንስሳት ከሌሎቹ የሚለያቸው ቆዳቸው ነው። ስስና እርጥብ በመሆኑ በከፊል ይተነፍሱበታል፤ ውኃም የሚወስዱት በአፋቸው ሳይሆን በቆዳቸው በኩል ነው። እንቁላላቸውም እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት የለውም። ከዚህ የተነሣ በውኃው ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ያለ ብዙ ከልካይ ወደ ሰውነታቸው ይገባል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ከፍለው በውኃና በየብስ የሚኖሩ በመሆናቸውም ውኃው ሲበከል ይጎዳሉ፤ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ዳርቻው ሲራቆትም ይጎዳሉ። ባለሙያዎች እንቁራሪትን የአካባቢ ጤና ጠቋሚ ናት የሚሏት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.አ.አ በ2023 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከ8 ሺህ በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎችን መርምሯል። ከእነዚህ መካከል 41 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የመጥፋት ሥጋት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል ከአጥቢዎችም ሆነ ከአዕዋፍ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው ይህ ምድብ ነው።

ሀገራችን በዚህ ረገድ የራሷ የሆነ ሀብት አላት። በኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች የሚታወቁ ሲሆን፣ ከሲሶ የሚበልጡት በሌላ ሀገር የማይገኙ ናቸው። ጥናቱም ገና አላለቀም። እ.አ.አ በ2019 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቢቢታ ተራራ ጫካ የተገኘች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በተራራው ስም ተሰይማ ለሳይንስ ተዋውቃለች። እ.አ.አ በ2021 ደግሞ ከደጋው የሣር ላይ እንቁራሪቶች ወገን አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

በባሌ ተራሮች የምትኖረው የማልኮም ጉርጥ ለመምህራን የተለየ ትኩረት የምትስብ ናት። ይህች ጉርጥ እንቁላሏን የምትጥለው በኩሬ ውስጥ ሳይሆን በእርጥብ መሬት ላይ ነው፤ እጩም የሚያድገው ከውኃ ውጭ ነው። በመጽሐፉ ላይ የሚታየው «እንቁላል በኩሬ፣ እጭ በኩሬ» የሚለው ሥዕል ለዚህች ኢትዮጵያዊት ጉርጥ አይሠራም ማለት ነው። እዚያው ባሌ ውስጥ ትኖር የነበረችው የኦስጉድ ጉርጥ ግን እ.አ.አ ከ2003 ወዲህ አልታየችም። በሐረና ጫካ ጅረቶች የምትኖረው የባሌ ተራሮች እንቁራሪትም በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመድባለች። አጥኚዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል የደን መመንጠር፣ የከብቶች ግጦሽና የጅረት ዳርቻዎች መረጋገጥ ይገኙበታል። እነዚህ ምክንያቶች በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ላለ አንባቢም እንግዳ አይደሉም።

ለማሳውና ለጤናው

በግብርና ኮሌጅ የሰብል ጥበቃ ትምህርት ሲሰጥ «የተባይ የተፈጥሮ ጠላቶች» የሚል ርዕስ አለ። እንቁራሪትና ጉርጥ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ያደጉ እንቁራሪቶች ዋነኛ ምግባቸው ነፍሳት ናቸው፤ የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ፣ ፌንጣና ምስጥ ሳይመርጡ ይበላሉ። እጮቹ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን አልጌ እየጋጡ ያድጋሉ። እነሱም በተራቸው ለወፎች፣ ለዓሣና ለእባብ ምግብ ይሆናሉ።

ይህ አገልግሎት ዋጋው የሚታወቀው ሲጓደል ነው። ሕንድ ለረጅም ጊዜ የእንቁራሪት እግር ለምግብነት ወደ ውጭ ስትልክ ቆይታ እ.አ.አ በ1987 ንግዱን አግዳለች። ለእግዱ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በሩዝ ማሳዎች የነፍሳት ተባይ መብዛቱና ለፀረ ተባይ የሚወጣው ወጪ ማሻቀቡ ነበር። ሩዝ በሚመረትበት በፎገራ ሜዳ ለሚኖር አርሶ አደር ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። ለነፍሳት መቆጣጠሪያ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ያለ ክፍያ የሚሠራለት ፍጡር በማሳው ዳር መኖሩን ማወቁ አይጎዳውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወባ ነው። በኮስታሪካና በፓናማ የተካሄደና እ.አ.አ በ2022 የታተመ ጥናት ትኩረት የሚሻ ውጤት አሳይቷል። በእነዚህ ሀገሮች አንድ የቆዳ ፈንገስ በሽታ እንቁራሪቶችን በየአካባቢው ጨርሷቸዋል። እንቁራሪቶቹ ካለቁ በኋላ በየአካባቢው የወባ ሕሙማን ቁጥር ለበርካታ ዓመታት ጨምሮ ቆይቷል። አጥኚዎቹ ይህን ያያያዙት የትንኝ እጭንና ትንኝን የሚበሉ ፍጡራን ከመቀነሳቸው ጋር ነው። ያው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሚገኙ እንቁራሪቶች ላይም በስፋት መገኘቱ እ.አ.አ በ2012 ተዘግቧል።

ወባ በሀገራችን ያደረሰው ጉዳት ከማንም የተሰወረ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.አ.አ በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ከ1 ሺህ 100 በላይ ደግሞ ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ «ረግረጉን አድርቀን ትንኙን እንገላገል» የሚል ሐሳብ ቢነሣ መነሻው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት መታየት አለበት። በሀገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ የምትመርጠው ጥልቀት የሌለውን፣ ፀሐይ የሚያሞቀውንና በቅርቡ የተጠራቀመውን ውኃ ነው። የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ ጡብ ወይም አፈር የተቆፈረበት ሥፍራና ከመስኖ ቦይ ያመለጠ ውኃ ለእሷ ይመቿታል። በእነዚህ ውኃዎች ውስጥ የትንኝ እጭ የሚበላ ፍጡር ገና አልሰፈረም። ጉድጓዱን መድፈንና ለዘመናት በደንገልና በሣር ተሸፍኖ የኖረውን ረግረግ ማድረቅ አንድ ሥራ አይደሉም። እንቁራሪት የአጎበርን ወይም የሕክምናን ቦታ እንደማትተካም ግልጽ መሆን ይኖርበታል።

ረግረጉ ለምን ይጠባል?

በጣና ዙሪያ፣ በፎገራና በጨፋ ያሉ ረግረጋማ ቦታዎች በአንድ ሰው ክፋት የሚጠቡ አይደሉም። የእርሻ መሬት ጠብቧል፤ ልጅ ሲያድግ መሬት ይፈልጋል፤ በበጋ እርጥበት ያለው ብቸኛው መሬት ደግሞ ረግረጉ ነው። ሽንኩርት፣ ጓያ፣ ሽምብራ ወይም በመስኖ ስንዴ ሲዘራበት በወራት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ተቆርጦ ሲሸጥ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል፣ ጣሪያ ያለብሳል። ይህን ያደረገ አርሶ አደር ቤተሰቡን አስቦ ነው።

ይሁንና በተመሳሳይ ሚዛን የሚታይ ሌላ ሒሳብ አለ። ረግረግ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ማጠራቀሚያ ነው። የበጋ ግጦሽ፣ የቤት ክዳን ሣር፣ ደንገልና የታንኳ መሥሪያ የሚገኘው ከዚያው ነው። ባሕር ዛፍ በምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ምንጩ እየሳሳ እንደሚሄድ ብዙ አርሶ አደር በዓይኑ አይቷል። ችግሩ የረግረጉ ጥቅም ለሁሉም ተከፋፍሎ ሲደርስ፣ የማድረቁ ጥቅም ግን ለአንድ ሰው መድረሱ ነው። የጋራ የሆነውን የሚቆጥርና የሚመዘግብ ሰው ስለሌለ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

የጣና እምቦጭ ይህን አሳይቶናል። አረሙ በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.አ.አ በ2011 ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ተስፋፍቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእጁ ለመንቀል እስኪሰለፍ ድረስ ደርሷል። በውኃ ዳር የሚመጣን ለውጥ ገና ትንሽ ሳለ አስተውሎ የሚናገር ዓይን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያ ዓይን በየቀበሌው አለ፤ ከብት ይዞ ውኃ ዳር የሚውለው ልጅ ነው።

ልጁ የሚያውቀውና የምናስተምረው

ልጆቻችን ስለ እንቁራሪት ከትልልቆች የሚሰሙት ብዙም የሚያስከብር አይደለም። «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለው ተረትና ምሳሌ ትዕቢትን ለመገሠጽ መልካም ነው፤ እንቁራሪቷን ግን መሳቂያ ያደርጋታል። ጉርጥ ደግሞ እንደ መርዘኛና አስፈሪ ፍጡር ስለምትታይ በድንጋይ ትመታለች። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። ጉርጥ ከዓይኗ ኋላ ባሉት እብጠቶች ውስጥ ጠላትን የምትከላከልበት ፈሳሽ አላት፤ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ያቃጥላል። ሆኖም ሰው ላይ አትዘልም፣ አሳዳም አትነድፍም። ካልነኳት አትጎዳም።

በሌላ በኩል እረኛው ልጅ መጽሐፉ የማይነግረውን ያውቃል። የትኛው ምንጭ እስከ ሚያዝያ እንደሚቆይ፣ ጩኸቱ ከየትኛው ጨፌ ቀድሞ እንደሚሰማና ያምና ኩሬ ዘንድሮ ለምን እንደደረቀ ሲጠየቅ ይመልሳል። ትምህርታችን ይህን ዕውቀት አይጠይቀውም። እዚህ ላይ ያለው ክፍተት በአብዛኛው የገንዘብ ሳይሆን የጊዜ አመዳደብ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። ትምህርቱን በሁለት ከፍሎ ማስኬድ ይቻላል። በሰኔ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ውኃ ይመርጣል፤ ምንጭ፣ ኩሬ ወይም የቦይ ዳር ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ በክረምቱ ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ከዳር ሆነው አይተው በደብተራቸው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ጩኸት የተሰማው መቼ ነው? እንደ ዝልግልግ ዶቃ የተያያዘው እንቁላል መቼ ታየ? እጮቹ እግር ያወጡት መቼ ነው? ውኃው ቀለሙ ወይም ሽታው ተለውጧል? በመስከረም ሲመለሱ ደብተሮቹ ተነጻጽረው የሕይወት ዑደቱ ሥዕል ከራሳቸው ማስታወሻ ይሠራል። የበልግ ዝናብ በሚያገኙት የወሎና የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ተማሪዎቹ ትምህርት ላይ እያሉ ማየት ይችሉ ይሆናል።

ይህ ሥራ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል። ለአምስትና ለስድስት ዓመታት ሲቀጥል ግን ከክፍል ትምህርት አልፎ የአካባቢው የውኃ መዝገብ ይሆናል። የቀበሌው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ «ይህ ምንጭ እየሳሳ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በግምት ፋንታ የተጻፈ መልስ ያገኛል። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትም መዝገቡን ከተፋሰስ ልማት ሥራቸው ጋር ሊያያይዙት ይችላሉ።

በከተማም ማስተማሪያ አይጠፋም። የባሕር ዳር ልጅ የደንገል ዳርቻ አለው፤ የሌሎች ከተሞች ልጅ ደግሞ የጎርፍ መውረጃ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ያለ ምንጭ ያገኛል። የመኪና እጥበት ፍሳሽና ቆሻሻ በሚገባበት ወንዝና በማይገባበት መካከል ያለውን ልዩነት የከተማ ተማሪ በራሱ ዓይን ቢያነጻጽር ከብዙ መፈክር በላይ ይማራል።

ጥንቃቄ የግድ ነው

ልጆችን ወደ ውኃ መላክ ኃላፊነትን ያስከትላል። በጣና ዙሪያና በብዙ ወንዞቻችን ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚይዘው ሰው ውኃው ውስጥ ሲገባ በቆዳው በኩል ስለሆነ ልጆች ከዳር ቆመው ማየት እንጂ መግባት የለባቸውም። በክረምት ሙላት ባለበት ወንዝና በጥልቅ ኩሬ ዳር ያለ አዋቂ መቆም የለባቸውም። እጭ ለማሳየት ካስፈለገ መምህሩ እጀታው ረጅም በሆነ መቅጃ ጥቂት ቀድቶ፣ አሳይቶ፣ እዚያው ውኃ ውስጥ ይመልሳል። እንቁራሪትን ከአንድ ምንጭ ወስዶ ሌላ ምንጭ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን ፈንገስ ሊያዛምት ስለሚችል መደረግ የለበትም። ከጉብኝት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ለልጁ ጤና፣ እንስሳቱን በእጅ አለመያዝ ደግሞ ለሁለቱም ደኅንነት ይጠቅማል።

ልጁ የሚያየው አባቱን ነው

የትምህርቱ ፈተና የሚመጣው ከክፍል ውጭ ነው። እንቁራሪትን በድንጋይ እንዳይመታ የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ የኬሚካል መርጫው በዚያው ምንጭ ሲታጠብ ካየ ከሁለቱ የትኛውን ያምናል? በድንጋይ ከሚሞቱት እንቁራሪቶች ይልቅ በአንድ መርጫ እጣቢ የሚሞቱት እጮች ይበዛሉ። ፀረ ነፍሳት ኬሚካሎች ብቻ አይደሉም ጉዳት የሚያደርሱት። አንዳንድ ፀረ አረሞች ቅጠል ላይ እንዲጣበቁ የሚጨመርባቸው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ለእንቁራሪት እጭ እጅግ አደገኛ መሆኑ በምርምር ተረጋግጧል። ያው ውኃ ከታች ላለው ቤተሰብ የመጠጥ ውኃ ሊሆን ይችላል።

ሀገራችን የፀረ ተባይ ቁጥጥር ሕግ አላት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44ም ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ በማሳ ዳር የሚተገበረው ግን በአርሶ አደሩ እጅ ነው። መርጫን ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ማጠብና እጣቢውን በተረጨው ማሳ ላይ መልሶ መርጨት ይቻላል። በጅረት ዳር ጥቂት እርምጃ የሚሆን ሣር ሳይታረስ መተው አፈሩንም ኬሚካሉንም ያስቀራል። የኬሚካል ዕቃን ለውኃ ወይም ለዘይት መያዣ ማድረግ ደግሞ በእንቁራሪት ሳይሆን በገዛ ልጅ ላይ መጨከን ነው። የግብርና ባለሙያዎችም ኬሚካል ሲመክሩ የማጠቢያውን ቦታ አብረው ቢጠቁሙ ምክሩ ሙሉ ይሆናል።

እነዚህ ሁሉ ትልቅ በጀት የሚጠብቁ ሥራዎች አይደሉም። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ፣ ርእሰ መምህራን ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር አንድ ውኃ ቢመርጡ፣ ወላጆችም ልጆቻቸው ያዩትን ሲነግሯቸው ጆሮ ቢሰጡ ለመጀመር ይበቃል። በመስከረም መምህሩ ደብተሮቹን ሲሰበስብ ከተማሪዎቹ አንዱ «በእኛ ምንጭ ዘንድሮ አንድም እጭ አልታየም» ብሎ የጻፈ እንደሆነ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በክፍል ውስጥ ታርሞ መቅረት የለበትም። ወደ ቀበሌው ስብሰባ መድረስ አለበት፤ ምክንያቱን መፈለግም የአዋቂዎቹ ድርሻ ነው።